ጅግጅጋንም ጭሮንም የቀየሱት ሰው፦ ተክለ ሐዋርያትና ምልክት ያልተተከለበት ድንበር

የቦኬ ልጅ ሆኖ ጭሮ ያልሄደ ማን አለ? ለጉዳይ እንሄዳለን፣ ለሕክምና እንሄዳለን፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረንም እንሄዳለን። ትልልቆቹ አሁንም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ከተማዋን ማን እንደቆረቆራት ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሰውየው ደግሞ ጭሮን ብቻ አይደለም የቀየሱት። ከዚያ በፊት ጅግጅጋን ቀይሰዋል። ኋላ ላይ ጄኔቫ ድረስ ሄደው ከጅግጅጋ ማዶ ባለው ድንበር የተነሳ ኢትዮጵያን ወክለው ከፋሺስት ጣሊያን ጋር ተሟግተዋል። ስማቸው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነው።

ዛሬ ያነሳናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በተኳረፉ ቁጥር ፌስቡክና ቲክቶክ በካርታ ይሞላል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም አዲስ አበባ ከሶማሌላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ስትፈራረም ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ ዓመቱን ሙሉ ስልካችን ላይ ጦርነት ሲታወጅና ሲሻር ከረመ። ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም አንካራ ላይ በቱርክ አሸማጋይነት ነገሩ ረገብ አለ። እኛ ሐረርጌ ላለን ሰዎች ይሄ የሩቅ ዜና አይደለም። የሐረርጌ ጫት ወደ ሶማሌ ገበያ የሚሻገረው በዚያው በጅግጅጋ በኩል ነው። መንገዱ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚያውቀው ገበሬው ነው፣ ጋዜጠኛው አይደለም።

በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር፣ ሁለቱ አገሮች የሚጣሉበት ድንበር በወረቀት ተጻፈ እንጂ መሬት ላይ ተለክቶ፣ ሁለቱም ተስማምተውበት ምልክት የተተከለለት አለመሆኑ ነው። ተክለ ሐዋርያት ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት ከዚህ ጉዳይ ጋር ነበር ማለት ይቻላል።

የተወለዱት ሰኔ 1876 ዓ.ም ሸዋ ውስጥ ሰያደብር ነው። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ራስ መኰንን የሐረርጌ ገዢ ብቻ ሳይሆኑ የምኒልክ የውጭ ጉዳይ ሰው ጭምር ነበሩ፤ ፈረንጅ ከእሳቸው ግቢ አይጠፋም ነበር። ዓድዋ ሲመጣ ልጁ ገና 12 ዓመት እንኳን አልሞላውም። ቢሆንም ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዘመተ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም የሆነውን በዓይኑ ያየ ሕፃን ነው እንግዲህ።

ከጦርነቱ በኋላ ሌዎንትዬቭ የሚባል ሩሲያዊ ልጁን ይዞት ወደ አገሩ ሄደ። ራስ መኰንንም ፈቀዱ። ልጁ ሩሲያ ውስጥ በመኳንንት ቤት አደገ፣ ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤት ተማረ፣ የመድፈኛ መኮንንም ሆነ። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው ወደ አገሩ የተመለሰው። ከዚያ ደግሞ እንደገና ወደ ፈረንሳይና እንግሊዝ ሄዶ የእርሻ ትምህርት ተከታተለ። መድፍና እርሻ! ሁለቱም ኋላ ላይ የሕይወታቸውን መንገድ ወስነዋል።

ሲመለሱ አዲስ አበባ በሽኩቻ ትታመስ ነበር። ልጅ ኢያሱ ሥልጣን ላይ ናቸው። ኢያሱ ብዙ ጊዜያቸውን ምሥራቅ ነበር የሚያሳልፉት፤ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጅግጅጋ። ከሶማሌዎች ጋር መወዳጀት ይፈልጉ ነበር። ይህ ነገር ሸዋ ያሉ መኳንንትንም፣ ጎረቤት ቅኝ ገዢዎቹን እንግሊዝን፣ ፈረንሳይንና ጣሊያንንም አስደነገጠ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ተክለ ሐዋርያት ካወረዷቸው ሰዎች አንዱ ነበሩ። እዚህ ላይ የኛን አስተያየት ከጠየቃችሁን፣ ኢያሱ ጉድለታቸው ብዙ ቢሆንም ሶማሌውን በጦር ብቻ ሳይሆን በወዳጅነት መያዝ ይቻላል ብለው ማሰባቸው የሚናቅ አልነበረም። ያ ሐሳብ ከእሳቸው ጋር አብሮ ተሻረ።

ከዚያ በኋላ ነው ተክለ ሐዋርያት ጅግጅጋ የተሾሙት። ያኔ ጅግጅጋ የነጋዴና የወታደር መናኸሪያ እንጂ ከተማ የምትባል አልነበረችም። እሳቸው በሕይወት ታሪካቸው እንደሚሉት አሁን የምናውቃትን ከተማ የመሠረቷት፣ መንገዶቿንም እንደ ቼዝ ሰሌዳ አራት ማዕዘን አድርገው የቀየሱት እሳቸው ናቸው። ጎግል ማፕ ላይ የጅግጅጋን መሐል ከላይ ሆናችሁ እዩት፤ ነገሩ ይገባችኋል።

ጅግጅጋ ላይ መሾም ማለት ግን ከተማ መቀየስ ብቻ አልነበረም። ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ እንግሊዞች አሉ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ራቅ ሲባል ጣሊያኖች አሉ፣ መሐል ላይ ደግሞ ግመሉን ይዞ ዝናብ ተከትሎ የሚሄድ ሕዝብ አለ። ለዚያ ሕዝብ ድንበር የሚባለው ነገር ትርጉም የለውም። ትርጉም ያለው ውኃ ነው። ጉድጓዱ የት ነው፣ የማን ነው፣ በየትኛው ወር ይደርቃል። ከዚህ አንጻር ተክለ ሐዋርያት ድንበሩን ከካርታ በፊት በመሬት ያወቁ ሰው ነበሩ። ጄኔቫ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ዲፕሎማቶች ይህንን ዕውቀት አላገኙትም።

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቴአትር ጻፉ። አዎ፣ ቴአትር። በ1913 ዓ.ም ገደማ የጻፉት ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ በአማርኛ ተጽፎ መድረክ ላይ የታየ የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ይባላል። በእንስሳት እያመካኙ የቤተ መንግሥቱን ሹማምንት ስለሸነቆጡ ቴአትሩ ታገደ። በዛሬ ቋንቋ ፔጁ ተዘጋ እንደማለት ነው።

ከዚያ ወደኛ መጡ፤ የጨርጨር አገረ ገዢ ሆኑ። አሰበ ተፈሪን ዋና ከተማ አድርገው የቆረቆሯት በዚህ ጊዜ ነው። ስሙ የአልጋ ወራሹን የራስ ተፈሪን ሐሳብ የሚያወሳ ነው፤ ቦታው ግን ኢቱ ኦሮሞ ጭሮ የሚለው ነበር፤ ዛሬም ስሙ ወደዚያው ተመልሷል። መንገድ ተቀየሰ፣ ደጋው ላይ ቡና እንዲስፋፋ ተደረገ፣ አስተዳደሩም ለሌሎች አውራጃዎች ሞዴል ይሆናል ተባለ። አንድ ነገር ግን መርሳት የለብንም። ለኢቱ ገበሬ ሞዴል አውራጃ ማለት ግብሩ በሥርዓት የሚሰበሰብበት አውራጃ ማለትም ነው፤ ግብሩ ቀረለት ማለት አይደለም። የተክለ ሐዋርያትን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ይህንን ገጽ ዘለል ያደርጉታል። እኛ ብንዘለው ግን አያቶቻችን ይታዘቡናል።

ተፈሪ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ሲነግሡ ተክለ ሐዋርያት በጅሮንድ፣ ማለትም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም የወጣውን የአገሪቱን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በዋናነት እሳቸው ናቸው። መነሻ ያደረጉት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ነው። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተላኩ፤ በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፣ ጄኔቫ ላይ ደግሞ በዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ ተወካይ ሆኑ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወልወል።

ወልወል ዛሬ በሶማሌ ክልል በዋርዴር አቅራቢያ ያለች ቦታ ናት። በመቶዎች የሚቆጠሩ የውኃ ጉድጓዶች አሉባት፤ ለአርብቶ አደሩ እንደ ባንክ ናት በሉት። ምኒልክ ከዓድዋ በኋላ በ1889 ዓ.ም ከጣሊያን ጋር ሲነጋገሩ፣ የድንበሩ መስመር ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 180 ማይል ያህል ገባ ብሎ እንዲያልፍ ታሰበ። ግንቦት 8 ቀን 1900 ዓ.ም ስምምነት ተፈረመ፤ ስምምነቱም መስመሩ ወደፊት መሬት ላይ ተለክቶ ምልክት ይደረግበታል አለ። አልተደረገም። በዚህ መሐል ጣሊያኖች ከሞቃዲሾ ተነስተው ቀስ እያሉ፣ ጉድጓድ በጉድጓድ ወደ ምዕራብ እየገፉ መጡ። ወልወል ላይ ሰፍረው ምሽግ ሠሩ። ከባሕሩ ወደዚያ 180 ማይል ብትለኩ ወልወል ከመስመሩ ወዲህ፣ በኢትዮጵያ በኩል ነው የምትውለው።

ኅዳር 14 ቀን 1927 ዓ.ም የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን በኢትዮጵያ ወታደሮች ታጅቦ ወልወል ደረሰ። ጣሊያኖቹ አናስጠጋም አሉ። እንግሊዞቹ ጭቅጭቅ ውስጥ መግባት አልፈለጉምና ወደ ኋላ ተመለሱ። የኛ ወታደሮች ቀሩ። ለ12 ቀን ያህል ሁለቱ ወገኖች አፍ ለአፍ ተፋጠጡ። ኅዳር 26 ተኩስ ተከፈተ፤ ጣሊያን አውሮፕላንና ብረት ለበስ ነበራት። ከኢትዮጵያ ወገን 107 ሰው ሞተ፣ 45 ቆሰለ። በጣሊያን በኩል የሞቱት አብዛኞቹ ፈረንጆች ሳይሆኑ የሶማሌ ቅጥር ወታደሮች ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሁለት መንግሥታት ጠብ ነው፤ በአንደኛው ወገን ግን ጉድጓዱን ከአያቶቹ የወረሰው ሕዝብ ልጆች ናቸው ለሮም ብለው የሞቱት።

ሙሶሊኒ ይቅርታና ካሳ ክፈሉ አለ። ኢትዮጵያ ደግሞ ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም ከጣሊያን ጋር የተፈራረመችውን የወዳጅነት ውል አወጣች። ውሉ ጠብ ሲነሳ ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኞች ይሂድ ይላል። ሮም እምቢ አለች። ታኅሣሥ 25 ቀን 1927 ዓ.ም ጉዳዩ ወደ ጄኔቫ ሄደ፣ መጋቢት 8 ደግሞ ኢትዮጵያ እንደገና አመለከተች። የጄኔቫው ወንበር ላይ የተቀመጡት ተክለ ሐዋርያት ናቸው። የጅግጅጋ ገዢ የነበሩት ሰው፣ የጅግጅጋ ማዶን ጉዳይ ይዘው።

በነገራችን ላይ በዚያው ዓመት ለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የተሾሙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ። እሳቸውም የጨርጨር አገረ ገዢ ነበሩ! ኢትዮጵያ በዚያ ክፉ ዓመት በአውሮፓ ዋና ዋና ከተሞች የቆመችው ከአሰበ ተፈሪ በወጡ ሁለት ሰዎች ነው። ይሄንን ጭሮ ላይ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ?

ጄኔቫ ላይ የሆነውን በአጭሩ መናገር ይከብዳል፣ ግን እንሞክር። ፈረንሳይ በፈረንጆች ጥር 1935 ሮም ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ተስማምታለች፤ ጀርመንን ስለፈራች ጣሊያንን ማስቀየም አልፈለገችም። እንግሊዝም ወዲህና ወዲያ ትላለች። ኢትዮጵያ መሣሪያ ልግዛ ስትል በር ይዘጋባታል። በዚህ መሐል የግልግል ዳኞች ተሰየሙ፤ ነገር ግን ጣሊያን አንድ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠች፣ ማኅበሩም ተቀበለ። ዳኞቹ ወልወል የማን መሬት ናት የሚለውን ጥያቄ እንዳያዩ ተከለከሉ። የሚያዩት ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለውን ብቻ ነው።

አስቡት እስቲ። ሰው ቤትህ ገብቶ ተቀምጧል፣ ተደባደባችሁ፣ ሽማግሌ ተጠራ፤ ሽማግሌው ግን ቤቱ የማን ነው ብሎ መጠየቅ አይችልም። ነሐሴ 28 ቀን 1927 ዓ.ም ውሳኔው መጣ፦ ለወልወሉ ግጭት ማናቸውም ወገን ጥፋተኛ አይደለም። የድንበሩ ጥያቄ እንዳለ ተቀመጠ።

በማግስቱ የማኅበሩ ምክር ቤት ሲሰበሰብ ጣሊያን ስለ ወልወል ማውራቷን ትታ ሌላ ወሬ ይዛ መጣች። ኢትዮጵያ ባሪያ ፈንጋይ ናት፣ ኋላ ቀር ናት፣ ከሠለጠኑ አገሮች እኩል ልትቀመጥ አይገባትም የሚል ወፍራም ክስ አቀረበች። ባርነቱ እውነት ነበር፤ ያንን መካድ አይቻልም። ጣሊያን ያነሳችው ግን ለባሪያው አዝና አልነበረም። መርከቦቿ ወታደር እየጫኑ በስዊዝ ቦይ ወደ ምፅዋና ሞቃዲሾ ከተጓዙ ወራት አልፈዋል። ተክለ ሐዋርያት ጋስቶን ዤዝ ከሚባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ጋር ሆነው መልስ ሰጡ። ዤዝ መናገር ሲጀምሩ የጣሊያኑ ተወካይ ከአዳራሹ ተነስቶ ወጣ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። በአራተኛው ቀን ምክር ቤቱ ጣሊያንን ወራሪ ናት ብሎ ፈረደ፣ ማዕቀብም ተጣለ። ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ውስጥ አልነበረም፣ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ተክለ ሐዋርያት ወደ አገር ቤት ተመለሱና እንደገና ጨርጨር ተሾሙ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጂቡቲ ወጡ፤ ባቡሩ በኛው በአሰቦትና በሚኤሶ ነው ያለፈው። ተክለ ሐዋርያት የንጉሡን መውጣት ከተቃወሙት አንዱ ነበሩ። ንጉሥ ከሕዝቡ ጋር ይዋጋል፣ ካልሆነም ይሞታል እንጂ አገር ጥሎ አይሄድም የሚል አቋም ነበራቸው። ኋላ ግን እሳቸውም ተሰደዱ። ይህንን ጠቅሰው የሚተቿቸው አሉ፤ ትችቱም ተገቢ ነው። ልዩነቱ እሳቸው ንጉሥ አለመሆናቸው ነው።

ስደቱ ረጅም ነበር። ከጂቡቲ ተነስተው ማዳጋስካር ድረስ ሄዱ። ኢትዮጵያ በ1933 ነጻ ስትወጣ ቶሎ አልተመለሱም፤ ከንጉሡ ጋር የተፈጠረው ቅሬታ ቀላል አልነበረምና ከአሥር ዓመት በላይ እዚያው ቆዩ። ሲመለሱም ወደ ከፍተኛ ሹመት አልተመለሱም። ሐረርጌ ገብተው አርሰው በሉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ የጻፉት ናቸው፤ እናትና አባቶቻችን ትምህርት ቤት ያነበቡት መጽሐፍ ነው።

እሳቸው ሲያርሱ ድንበሩ ግን አላረፈም። ጣሊያን ሄደች፣ እንግሊዝ መጣች። ኦጋዴንን እንግሊዝ ይዛ ቆይታ ጅግጅጋን በ1941 ዓ.ም መግቢያ ላይ አስረከበች፤ ሐውድ የሚባለው የግጦሽ መሬት የተመለሰው ደግሞ በ1947 ነው። በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት ያንን የ1900ውን መስመር መሬት ላይ ለማስመር ድርድር ተደረገ። አልተሳካም። ሰኔ 24 ቀን 1952 ዓ.ም ሶማሊያ ነጻ ወጣች፤ ነጻ ስትወጣ ባንዲራዋ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ነበር፤ አንዱ ጫፍ የኛን ኦጋዴን ያመለክታል። የሞቃዲሾ ክርክር ይሄ ነው፦ መስመሩን ያሰመሩት አዲስ አበባና ሮም ናቸው፣ እኛን ማን ጠየቀን? የአዲስ አበባ መልስ ደግሞ፦ አፍሪካ በሙሉ በቅኝ ገዢ መስመር ነው የምትኖረው፣ አንዱ ከተነካ ሁሉም ይፈርሳል። በ1956 ዓ.ም ሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ተዋጉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የአፍሪካ መሪዎች ካይሮ ተሰብስበው ነጻ ስንወጣ ያገኘነውን ድንበር እናክብር ሲሉ ሶማሊያ አልተቀበለችም።

ሁለቱም ክርክር እውነት አለው ብለን እናምናለን። ኮሜንት ላይ ልትሰድቡን ትችላላችሁ።

ተክለ ሐዋርያት ሚያዝያ 1969 ዓ.ም አረፉ። 93 ዓመት ሊሞላቸው ሁለት ወር ቀርቷቸው ነበር። ካወረዷቸው ኢያሱም፣ ካገለገሏቸው ኃይለ ሥላሴም በላይ ኖሩ። በሦስት ወሩ፣ ሐምሌ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴን ገባ። መስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅግጅጋ ወደቀች፤ እነዚያ እሳቸው በገመድ ያስለኳቸው መንገዶች ላይ የሶማሊያ ታንክ ቆመ። የጂቡቲ ባቡር ተቋረጠ፣ ሐረር ተከበበች፣ ከኛ አካባቢም ሚሊሺያ ዘመተ። ያኔ የሆነውን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ቤታችሁ ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ኢትዮጵያን ለመርዳት የመጡት ኩባዎችና ሩሲያዎች ነበሩ። ሐረርጌ የሩሲያ መድፍና የሩሲያ መኮንን ሞላባት። የሐረርጌው የመጀመሪያ ሩሲያ ሠራሽ መድፈኛ ዓመት እንኳን ሳይሞላው ነው ይህንን ሳያይ ያለፈው። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ጅግጅጋ ተመለሰች። መጋቢት 1980 መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅ፣ ኤምባሲም ለመክፈት ተስማሙ። በዚያ ስምምነትም ድንበሩ አልተለካም።

ተክለ ሐዋርያት የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ነው የሄዱት። ካረፉ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ ሰውየውም ራሳቸውን ማሞገስ አይጠሉም፤ ስለ ሐረር፣ ስለ ጅግጅጋና ስለ ጨርጨር የጻፉት ግን ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ጭሮና ሂርና ያላችሁ፣ ገለምሶና በዴሳ ያላችሁ፣ ስለ እሳቸው ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለ ጻፉልን። በተለይ ከገበሬው ወገን የተነገረውን።